ዳውን ሲንድሮም ባለበት ጨቅላ ደም ውስጥ ብላስት ሲገኝ፦ ከሦስተኛው ቀን እስከ አራተኛው ዓመት

ዳውን ሲንድሮም ይዞ የተወለደ ሕፃን በሦስተኛ ቀኑ ደሙ ይመረመራል፤ ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት «ነጭ የደም ሕዋስ 74 ሺህ፣ ብላስት 30 በመቶ» ይላል እንበል። ብላስት ማለት ያልጎለመሰ የደም ሕዋስ ነው። ወረቀቱ የአምስት ዓመት ልጅ ቢሆን ኖሮ ማንም ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ደም ካንሰርን ነው። የዚህ ጨቅላ ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሌላ ሕመም ነው፤ ደም ካንሰር መስሎ መጥቶ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ ሕመም። ሐኪሞች በምሕጻር «ታም» (ትራንዚየንት አብኖርማል ማየሎፖይሲስ) ይሉታል።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍልና በደም ላቦራቶሪ ለምንሠራ ሰዎች በዚህ ሕመም ላይ የሚሠሩት ስሕተቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ልጅ ያስከፍላሉ። አንደኛው «ዳውንም አለበት፣ ካንሰርም አለበት» ተብሎ ለቤተሰቡ እንደ መርዶ ተነግሮ ሕፃኑ ሳይታከም መቅረቱ ነው። ሌላው «ይሄ በራሱ ይጠፋል» ተብሎ ያለ ቀጠሮ ወደ ቤት መላኩ ነው። በራሱ መጥፋቱ እውነት ነው። ግን ከጠፋ በኋላ ከ100 ልጆች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት አራት ዓመት ሳይሞላቸው እውነተኛውን ደም ካንሰር ይዘው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ከዚያም አራት ዓመት እስኪሞላው መከታተል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት አለው። ሕፃኑ ማኅፀን ውስጥ ሳለ ደም የሚያመርተው በዋናነት ጉበቱ ነው፤ ይህ ትርፍ ክሮሞዞም የጉበቱን ደም አምራች ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዲባዙ ይገፋፋቸዋል። ከሚባዙት መካከል በአንዱ ላይ ጋታ-1 የሚባለው፣ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለው ጂን ይበላሻል። ጋታ-1 ሥራው ፕሌትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋ ሕዋስና ቀይ የደም ሕዋስ በወጉ እንዲጎለምሱ ማዘዝ ነው። ሲበላሽ የሚሠራው አጭር፣ ጎዶሎ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ የፕሌትሌት እናት ሕዋሳት ሳይጎለምሱ በብዛት ደም ውስጥ ይገባሉ። ብላስት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የጋታ-1 ለውጥ ከዚህ ሕመም ጋር መያያዙ የታወቀው በ2002 ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ የደም ማምረት ሥራ ከጉበት ወደ አጥንት መቅኔ ይዛወራል። ብላስቶቹ የሚመቻቸው የፅንስ ጉበት ስለሆነ አዲሱ ቦታ አይስማማቸውም፤ ቀስ በቀስ ይከስማሉ። አብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይጠፋሉ። አንዳንዶቹ ልጆች ላይ ግን ጥቂት ሕዋሳት መቅኔ ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ፤ በእነሱ ላይ ሌላ የጂን ለውጥ ሲጨመር ነው ካንሰሩ የሚመጣው።

የጋታ-1 ለውጥ ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስ አይደለም። በዚያ ሕፃን ጉበት ውስጥ በዚያ እርግዝና የተፈጠረ ነው፤ እናት በልታ ወይም ሳትበላ፣ ደንግጣ ወይም ደክማ የመጣ አይደለም። ለዚህ ሕመም ሲባል ወንድምና እኅትን መመርመርም አያስፈልግም።

ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ጨቅላዎች ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ሕመሙ በደም ምርመራ ወይም በአካል ምልክት ይታያል። ሁሉም በጂን ምርመራ ቢፈተሹ ግን ከአራቱ አንዱ በላይ የጋታ-1 ለውጥ ይገኝባቸዋል። አብዛኞቹ ምንም ምልክት የላቸውም፤ ጡት ይጠባሉ፣ ይተኛሉ፣ ሰላም ይመስላሉ። «ሕፃኑ ደህና ይመስላል» የሚለው ስለዚህ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ላለማዘዝ ምክንያት አይሆንም።

ሦስቱ ቀናት ለምን

የብላስት ቁጥር ከፍ የሚለው ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይወርዳል። በስድስተኛ ሳምንት ደሙ ቢታይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያ ንጹሕ ወረቀት ግን ሕመሙ አልነበረም ማለት አይደለም። ሕመሙ ሳይታወቅ ካለፈ ደግሞ ልጁን ለአራት ዓመት የሚከታተለው አይኖርም።

አገራችን ላይ ይህ ጊዜ በቀላሉ ያልፋል። እናት በ24 ሰዓት ትወጣለች፤ ከዚያ አራስ ቤት ነው። ወንድ ልጅ እስከ 40፣ ሴት ልጅ እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሱ ከቤት ባይወጡ የሚመርጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልማዱን ማክበር ይቻላል፤ ነገር ግን ደሙ ከመውጣታቸው በፊት መወሰድ አለበት። አዋላጅ ነርሷ የዳውን ሲንድሮም መልክ ካየች (ወደ ላይ የተሳቡ ዓይኖች፣ መዳፍ ላይ አንድ ወጥ መስመር፣ የላላ ሰውነት፣ በአውራ ጣትና በሁለተኛው የእግር ጣት መካከል ሰፊ ክፍተት) የክሮሞዞም ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም። ሲቢሲና ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ (ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) በዚያው ቀን ይታዘዛል፤ የልብ ኢኮ (አልትራሳውንድ) ቀጠሮም አብሮ ይያዛል፣ ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አለባቸውና።

ደሙ ሲወሰድና ሲታይ

የሚያስፈልገው ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሊትር ደም ነው። ተረከዝ ተጨምቆ የሚወሰድ ደም ቶሎ ስለሚረጋና ፕሌትሌትን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ከተቻለ ከደም ሥር ይወሰድ። ስላይዱ ደሙ በተወሰደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቀባ፤ ኢዲቲኤ ውስጥ ያደረ ደም ሕዋሳቱ ያብጡና ብላስቱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል።

ስላይዱን አንድ ብቻ አድርጎ መተው የተለመደ ነው። አራት ወይም አምስት ይቀባ፤ ሁለቱ ራይት በሚባለው ቀለም ይቀለሙ፣ የቀሩት በሜታኖል ብቻ ተይዘው፣ የካርድ ቁጥርና ቀን በእርሳስ ተጽፎባቸው ይቀመጡ። ጋታ-1 የሚመረምር ላቦራቶሪ በቅርብ በሌለበት ቦታ እነዚህ ስላይዶች ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ከዓመት በኋላ ልጁ ቢታመም የጂን ምርመራ ከደረቀ ደም ላይ ሊሠራ ይችላል።

አሁን ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ቀረብ ብለን እንይ። ብዙ ሆስፒታሎች ያላቸው ማሽን ነጭ የደም ሕዋስን በሦስት ብቻ የሚከፍል ነው፦ ሊምፍ (ሊምፎሳይት)፣ ሚድ (መካከለኛ መጠን ያላቸው)፣ ግራን (ግራኑሎሳይት)። ማሽኑ ብላስት የሚል መደብ የለውም። ስለዚህ ብላስቱን ያለ ቦታው ሊምፍ ውስጥ ወይም ሚድ ውስጥ ይጨምረዋል። ወረቀቱ «ሊምፍ 61፣ ሚድ 28፣ ግራን 11» ካለ፣ ጨቅላ ላይ ሚድ 28 የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ነገር ተደብቋል ማለት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የኮከብ ወይም የ«አር» ምልክት ካለ ማሽኑ ራሱ «አላመንኩትም» እያለ ነው። ወረቀቱን ይዞ ወደ ማይክሮስኮፕ መሄድ ግዴታ ነው።

ሌላው ማሽኑ የሚስተው ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ የደም ሕዋሳትን ነው። ጨቅላ ላይ፣ በተለይ ዳውን ሲንድሮም ባለበት ጨቅላ ላይ ብዙ ናቸው፤ ማሽኑም እንደ ነጭ ይቆጥራቸዋል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የማሽኑን ቁጥር በ100 አባዙ፣ ከዚያ በ100 ሲደመር ለመቶ ነጭ ሕዋስ በተቆጠሩት ኒውክሊየስ ባላቸው ቀይ ሕዋሳት አካፍሉ። ማሽኑ 48 ሺህ ብሎ ማይክሮስኮፕ ላይ ለመቶ ነጭ 60 እንዲህ ያሉ ቀይ ሕዋሳት ቢቆጠሩ፣ 48 ሺህ ሲባዛ በ100 ሲካፈል ለ160፣ እውነተኛው ቁጥር 30 ሺህ ይሆናል። ይህ ስሌት ሳይሠራ «ነጭ ሕዋሱ እየጨመረ ነው» ተብሎ ሕክምና እስከ መጀመር ሊደረስ ይችላል።

የታም ብላስት ማይክሮስኮፕ ላይ ሲታይ ትልቅ ነው፤ ኒውክሊየሱ ሰፊ፣ ዙሪያው ጠባብና ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ አረፋ ወይም እንደ ትንንሽ ጉብታ የሚወጣ ነገር ይታያል፤ ይህ የፕሌትሌት እናት ሕዋስ መሆኑን የሚጠቁም ጥሩ ፍንጭ ነው። አጠገቡ ቀይ ሕዋስ የሚያክሉ ግዙፍ ፕሌትሌቶች ይገኛሉ። መቶ ሕዋስ ቆጥሮ ማቆም አይበቃም፤ 200 ይቆጠር። ብላስቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ታም ተብሎ ይያዛል፤ የጋታ-1 ምርመራ ማግኘት የሚቻል ከሆነም የሚላከው አሁን ነው፣ ሕክምና ሳይጀመር። ከዚያ በታች ጥቂት ብላስት ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ጨቅላዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ላይ ይታያል፤ ብቻውን አያስደነግጥም። የአጥንት መቅኔ መውሰድ አያስፈልግም። በዚህ ሕመም ብላስቱ ደም ውስጥ ከመቅኔው በልጦ ስለሚገኝ ሕፃኑን ማሠቃየት ብቻ ነው የሚሆነው።

ምን ጋር ይምታታል? ኢንፌክሽን ዋነኛው ነው። ከባድ ኢንፌክሽን ያለበት ጨቅላ ነጭ ሕዋሱ ሊያሻቅብና ያልጎለመሱ ሕዋሳት ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ሕፃን ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ስለዚህ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ተወስዶ አንቲባዮቲክ መጀመር ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ሞርፎሎጂውን ሳያዩ በአንቲባዮቲክ ብቻ መቆየት ነው። የፕሌትሌት ማነስም ብቻውን ታም ማለት አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ብዙ ጨቅላዎች ታም ሳይኖርባቸው ፕሌትሌታቸው ያንሳል፣ ሄሞግሎቢናቸውም ከፍ ይላል። ታም ያለበት ሕፃን ደግሞ ሄሞግሎቢኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ፕሌትሌቱ ዝቅ፣ ልክ ወይም ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል።

የዳውን ሲንድሮም መልክ ጭራሽ የሌለው ጨቅላ እንዲህ ያለ ደም ይዞ ሲገኝም አለ። ያኔ 21ኛው ክሮሞዞም በከፊል ሕዋሳቱ ብቻ ሦስት የሆነበት፣ ሞዛይክ የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። የክሮሞዞም ምርመራ በብላስቱም፣ ከቆዳ ወይም ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙናም ይሠራለት። ለከባድ ኬሞቴራፒ መቸኮል አይገባም።

ሕፃኑን በእጅና በዓይን

ጉበት ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ በየቀኑ ይለካ፤ በእስኪሪብቶ ምልክት ተደርጎ ይጻፍ። እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ጨቅላ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ትናንት 3 የነበረው ዛሬ 5 ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጣፊያ በግራ በኩል ይዳሰስ። ሆድ ውስጥ፣ ሳንባ ዙሪያና ልብ ዙሪያ ውኃ መኖሩ በአልትራሳውንድ ይታይ። ፊት ላይ አንዳንዴ መግል የቋጠረ የሚመስል ሽፍታ ይወጣል፤ ለኢንፌክሽን ናሙና ይወሰድ፣ ካልተገኘ ግን ብላስቱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ነው። ብላስቱ ሲጠፋ ሽፍታውም ይጠፋል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፦ ጉበቱ። ብላስቶቹ ጉበት ውስጥ ተቀምጠው ጠባሳ የሚያበቅሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ስለዚህ ነጭ ሕዋሱ እየወረደ፣ ብላስቱ እየጠፋ ሳለ ጉበቱ እየደረቀ ሊሄድ ይችላል። ከዚህ ሕመም የሚሞቱ ሕፃናት ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት በዚህ መንገድ ነው። ሲቢሲውን ብቻ የሚያይ ሰው «እየተሻለው ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሕፃኑ ግን እየባሰበት ነው።

ማየት ያለብን ዳይሬክት ቢሊሩቢንን ነው፤ ይህም ሰውነትን ቢጫ ከሚያደርገው ቢሊሩቢን ውስጥ ጉበት ሠርቶበት ሳያስወጣው የቀረው ክፍል ነው። ጠቅላላውን (ቶታሉን) ብቻ አዝዘን «ጨቅላ አይደል፣ ቢጫ መሆኑ ያለ ነው» ብሎ መብራት ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። ዳይሬክቱ በዴሲ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ መደበኛ የጨቅላ ቢጫነት አይደለም፤ መብራቱም አያወርደውም፣ የሕፃኑን ቆዳ ሊያጠቁረው ይችላል። ደም የመርጋት ምርመራ (ፒቲና አይኤንአር) አብሮ ይሠራ፤ ቫይታሚን ኬ ይሰጥ። ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ይደበቃል። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ያዩ አያት «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ይሙቅ» ይላሉ፤ ቅጠል ተጨምቆ፣ ጤና አዳም ተበጥብጦ ይሰጠዋል። የዚህ ሕፃን ጉበት ተጨማሪ ጫና አይችልም፤ ከእናት ጡት በቀር ምንም በአፉ አይግባ። እማማን በአክብሮት አስቀምጦ ሰገራውን አብሮ ማየት ይበጃል። እንደ ኖራ የነጣ ሰገራና የጨርቅ ዳይፐርን በቢጫ ወይም በቡናማ የሚያበክል ሽንት ካለ ፀሐይ የሚፈታው ጉዳይ አለመሆኑን እሳቸውም ይረዱታል።

ማን መታከም አለበት

አብዛኞቹ ሕፃናት ምንም መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። መከታተል በራሱ ሕክምና ነው። አደጋው የሚበዛው ነጭ ሕዋሱ ከ100 ሺህ በላይ በሆነበት፣ ከ37 ሳምንት በፊት በተወለደ፣ ሆዱ ወይም ደረቱ ውኃ በያዘ፣ ዳይሬክት ቢሊሩቢኑ እየወጣ ባለ፣ ደሙ በወጉ በማይረጋ ወይም ጉበቱ ከማበጡ የተነሣ መተንፈስ ባቃተው ሕፃን ላይ ነው። ታም ካለባቸው ከ10 ሕፃናት አንድ ወይም ሁለት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሞታሉ፤ የሚበዙት ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ወይም ብዙው የነበረባቸው ናቸው።

ለእነዚህ የሚሰጠው ሳይታራቢን የሚባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ነው፣ በጣም በትንሹ። መጠኑ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም በቀን ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ለአንድ ሳምንት ያህል በቆዳ ሥር ወይም በደም ሥር ይሰጣል። መጀመሩንና መጠኑን የሚወስነው የሕፃናት ደምና ካንሰር ሐኪም ነው፤ እሱ በሌለበት ቦታ በስልክም ቢሆን ተማክሮ ነው። እነዚህ ብላስቶች ለሳይታራቢን በጣም ስሱ ስለሆኑ ለትልቅ ልጅ ካንሰር የሚሰጠው መጠን አያስፈልግም፤ መጠኑ ከፍ ሲል የሚበዛው ጉዳቱ ነው።

መድኃኒቱ ሲዘጋጅ ስሕተት የሚገባባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ሳይታራቢን በሁለት ዓይነት ጥንካሬ ይመጣል፦ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም፣ ወይም በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም። 2.8 ኪሎ ለሆነ ሕፃን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ ጠቅላላው 2.8 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመጀመሪያው ብልቃጥ 0.14 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያንኑ 0.14 ከሁለተኛው ብልቃጥ የቀዳ ሰው አምስት እጥፍ ሰጥቷል። ይህን ያህል ትንሽ መጠን በቀጥታ ከመቅዳት ይልቅ ከ20ው ብልቃጥ 1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ጋር ተቀላቅሎ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይደረግ፤ ያኔ የሚሰጠው 0.28 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሲሪንጁ በሚሊ ሊትር የተከፋፈለ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ የኢንሱሊን ሲሪንጅ መሥመሩ ዩኒት ስለሆነ ያሳስታል። ዱቄት ሆኖ የመጣ ከሆነ ቤንዚል አልኮሆል ባለበት ማሟሟያ ፈጽሞ አይበጥበጥ፤ ለጨቅላ መርዝ ነው። ስሌቱን ሁለት ሰው ለየብቻው ሠርቶ ይፈርም።

ከመድኃኒቱ በኋላ ነጭ ሕዋሱ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ሙቀቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ይጀመራል። ብላስቱ በአንድ ጊዜ ሲረግፍ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ዩሪክ አሲድ ሊወጣ ስለሚችል ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ሽንቱ ይለካል፤ ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ይደገማል። ነጭ ሕዋሱ እጅግ ከፍ ብሎ ደሙ ለወፈረበትና መተንፈስ ለተቸገረ ሕፃን ደም መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ያኔ ሄሞግሎቢኑን ለማሳደግ ተብሎ ተራ ደም መስጠት ደሙን ይብሱን ያወፍረዋል።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሳይታራቢን ሕፃኑን አሁን ካለበት አደጋ ያወጣዋል እንጂ የኋላውን ደም ካንሰር አያስቀርም። ይህ በአውሮፓ በተደረገ ጥናት በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ «አስቀድሞ ይወሰድለት» ተብሎ ደህና ለሆነ ሕፃን አይሰጥም፤ የታከመ ልጅም ከክትትል አይወጣም።

ለቤተሰብ ሲነገር

እናትና አባት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ከባድ ቃል ይሰማሉ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር ጭካኔ ነው። ከተቻለ አባትም ወይም እናት የምታምነው ሰው ባለበት፣ በር ተዘግቶ፣ ቁጭ ተብሎ ይነገር። «ካንሰር» የሚለውን ቃል መሸሽም አይጠቅም፤ ነገ በስልካቸው ያገኙታል። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ደሙ ውስጥ ያልጎለመሱ ሕዋሳት አሉ። የደም ካንሰር ሕዋስ ይመስላሉ፤ ግን ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ጨቅላዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ። እስኪጠፉ በየሳምንቱ እናያለን፣ ከጠፉም በኋላ አራት ዓመት እስኪሞላው እንከታተላለን።» ከዚያ ዝም ማለት፤ ጥያቄያቸውን መጠበቅ።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህ ይጠቅማል። አስተርጓሚው «ትራንዚየንት ሉኬሚያ» የሚለውን የታም ሌላ ስም «ደም ካንሰር» ብሎ ብቻ ካስተላለፈው ግማሹ ትርጉም ጠፍቷል፤ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ነው ዋናው። ሐኪሙን «ትራንዚየንት ነው ያሉት?» ብሎ መጠየቅ፣ የጋታ-1 ምርመራ መላኩንም ማረጋገጥ ይገባል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በዚያው ቀን የሚያስመልሱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ጡት መተው ወይም መድከም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሆድ እየተነፋ መሄድ፣ የነጣ ሰገራ፣ ሰውነት ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ወይም ሳይመታ የሚወጣ ብልዝ፣ ከእምብርት ወይም ከአፍንጫ የሚደማ ደም፣ ሽንት መቀነስ፣ ትኩሳት። ክትባቱ በጊዜው ይቀጥላል፤ ሳይታራቢን የወሰደ ከሆነ ብቻ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠየቅ።

አራቱ ዓመታት

ብላስቱ እስኪጠፋ ሲቢሲና ሞርፎሎጂ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይሠራል፤ ዳይሬክት ቢሊሩቢኑም አብሮ። ከጠፋ በኋላ ሁለት ዓመት እስኪሞላው በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ አራት ዓመት እስኪሞላው በየስድስት ወሩ። በዚህ ጊዜ የምንፈልገው ብላስቱን አይደለም፤ ብላስት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሚመጣው የፕሌትሌት ቀስ ብሎ መውረድ ነው። 280 ሺህ የነበረው 190፣ ከዚያ 130፣ ከዚያ 85 ሲሆን እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው «ትንሽ ዝቅ ብሏል» ያሰኛል፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ግን መንገዱ ይታያል። ለዚህ ነው ቤተሰቡ አንድ ደብተር ይዞ ቀን፣ ነጭ ሕዋስ፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕሌትሌት እያለ በየመስመሩ መጻፍ ያለበት። ካርድ ይጠፋል፣ ሆስፒታል ይቀየራል፣ ደብተሩ ግን ከልጁ ጋር ይሄዳል። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሳትም አንድ ነገር ነው።

ካንሰሩ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ነው። ፕሌትሌቱ ከ100 ሺህ በታች ወርዶ ከቆየ፣ ወይም ልጁ ገርጥቶ፣ ብልዝ እያወጣ ከመጣ የአጥንት መቅኔ ምርመራ ይታዘዛል። መቅኔው ጠባሳ ስለሚሞላ መርፌው ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወጣል፤ «ናሙና አልተገኘም» ተብሎ መመለስ የለበትም። የአጥንት ቁራጭ የሚወስደው ትሬፋይን መርፌ አብሮ ይዘጋጅ። የመጀመሪያ ሳምንት ስላይድ ተቀምጦ ከሆነ አሁን ይወጣል።

ይህ ዓይነት ደም ካንሰር ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች በተሻለ በሕክምና ይድናል። ሕክምናው በተሟላበት ቦታ ከ10 ልጆች ስምንት ወይም ዘጠኝ ይተርፋሉ፤ የሚያስፈልጋቸው የኬሞቴራፒ መጠንም ከሌላው ልጅ ያነሰ ነው። «ዳውን ስላለበት አይችለውም» የሚለው ንግግር በዚህ ሕመም ላይ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። አገር ውስጥ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጥቁር አንበሳ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታሎች ይሰጣል። ሪፈር ሲጻፍ «ዳውን ሲንድሮም፣ ጨቅላ ሳለ ታም ነበረበት፣ ፕሌትሌቱ እየወረደ ነው» የሚለው በመጀመሪያው መስመር ይቀመጥ፤ ይህ መስመር ከሌለ ልጁ የሌላ ልጅ መጠን ሊታዘዝለት ይችላል።

አራተኛ ዓመቱን በጥሩ ሲቢሲ የደፈነ ልጅ ከዚህ ክትትል ይወጣል። ደብተሩ ላይ ቀኑ ተጽፎ ይዘጋል፤ የታይሮይድ፣ የመስማትና የዓይን ምርመራው ግን በሌላ ገጽ ይቀጥላል።